ኮስተር ላይ ኮስተር አትበል

ሰልፍ አማራሪው መጣላችሁ! አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል እኔ ልንገራችሁ። «ለሁለት ደቂቃ ጨዋታ አንድ ሰዓት ሰልፍ? አራት ሰው ብቻ የሚጭን ሮለር ኮስተር፣ እሱም ሮለር ኮስተር ተብሎ?» ነው የሚለው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አያችሁት? በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሰልፍ የሚጠላ ሰው ስለሆነ ሳናስጠብቅ እናስተናግደዋለን።

ስማ ወንድሜ! የምታማትን መጀመሪያ በስሟ ጥራት። ራጂን ኬጁን ትባላለች። ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ፓርክ ውስጥ የነበረችው ተሽከርካሪ ሮለር ኮስተር። ሰመር ሲመጣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም ልጆቻችንን ጭነን፣ እንጀራ በፌስታል ቋጥረን እንተምበት የነበረው ፓርክ። ብረት ሐዲድ ላይ የምትሮጥ፣ እየሮጠች በራሷ ዙሪያ የምትሾር፣ አራት ሰው ይዛ አራት ሳቅ የምታወርድ ነበረች። አንተ ግን ወርደህ ያወራኸው ስለ ሰልፉ ነው። ሠርግ ተጠርቶ ስለ ፓርኪንግ የሚያወራው ሰውዬ አንተ ነህ ማለት ነው!

ደግሞ ተወላጅ እንኳ አይደለችም። በፈረንጆቹ 2004 ላይ ሥራ የጀመረችው ኢሊኖይ ውስጥ፣ ጉርኒ በሚባል ከተማ፣ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አሜሪካ ነው። እዚያ ነቀሏት፤ 2014 ላይ ሜሪላንድ ተከሏት። ስቴት ቀየረች፣ ሰፈር ቀየረች፣ ያው ስሟን ይዛ ሥራዋን ቀጠለች። አንተ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛ ስትዛወር ስንት ወር እንዳለቀስክ ጎረቤት ይመስክር።

የሥራዋ ስም ሮለር ኮስተር ነው። አንተ ሮለሩን ትተህ ኮስተሩን ብቻ ይዘህ መጣህ። ግንባርህን ፍታው! አዲስ አበባ የሚነዳው ኮስተር አውቶቡስ እንኳ ካንተ ፊት ይሻላል፤ እሱ የፊት መብራት አለው።

«አቅም የላትም» ትላለህ። ጥሩ፣ አቅም እንቁጠር። መቁጠር ያቅትሃል ብዬ ሳይሆን፣ እስከ ዛሬ ሳትቆጥር ስላወራህ ነው። አንድ መኪና አራት ሰው። በየ 30 ሰከንዱ አንድ መኪና ቢለቀቅ በሰዓት 120 መኪና፣ 480 ሰው። እዚያው ፓርክ ውስጥ ደግሞ 2000 ላይ የተከፈተው ሱፐርማን ነበር፤ ቁመቱ ወደ 200 ጫማ፣ አንዱ ባቡር በአንድ ጊዜ 36 ሰው የሚጭን። እሱ በየሁለት ደቂቃው ቢለቀቅ በሰዓት 1,080 ሰው ይጭን ነበር። ልዩነቱ ገባህ? ሱፐርማን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነው የሚወረውረው። እሷ የምትወስደው አንድ ቤተሰብ ነው። አንተ ቤተሰቡን ከአውቶቡሱ ጋር አሰልፈህ «ለምን ያንሳል?» አልክ። ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቅም።

አሁን ያቺን 30 ሰከንድ ያዝልኝ። መኪናዋ መጣች። በሩ ተከፈተ። አንተ ገባህ። ከዚያ ቁልፍህን ከኪስህ አወጣህ። መልሰህ ከተትክ። ስልክህን የት ላድርገው አልክ። መነጽርህን አወለቅህ፣ ለባለቤትህ ሰጠህ፣ እሷ አልቀበልም አለች። ተደራደራችሁ። ሠራተኛዋ የጭን ብረቱን ልትዘጋ መጥታ ቆመች። «ቆይ አንዴ!» አልክ። ቆይ አንዴህ ዐሥር ሰከንድ ፈጀ። ዐሥር ሰከንድ ምን አላት? ይኸውልህ ምን እንዳላት፦ ሁሉም እንዳንተ ከሆነ መኪናዋ የምትለቀቀው በየ 40 ሰከንዱ ነው። በሰዓት 90 መኪና፣ 360 ሰው። 120 ሰው ጠፋ! መቶ ሃያ ሰው ኪስህ ውስጥ ከቁልፍህ ጋር እየተንኳኳ ነው። ከፊትህ 240 ሰው ከነበረ ግማሽ ሰዓት ትጠብቅ የነበረው አርባ ደቂቃ ሆነ። ትልቅ ባቡር ቢሆን የአንዱ ሰው መንቀርፈፍ ከሠላሳ አምስት ሰው ቅልጥፍና ጋር ይደባለቅ ነበር፤ አይታወቅብህም። ትንሽ መኪና ላይ ግን ነውርህ ይታያል። የጠላሃትም ለዚህ ነው፤ አጋለጠችህ!

አላለቀም። ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ። መኪናዋ ግን የአራት ሰው ናት። ሠራተኛዋ «ሁለት ሰው ልጨምር?» ስትል ሁለታችሁም ሰማይ ሰማይ አያችሁ። ከማያውቁት ሰው ጋር መዞር አፍራችሁ። ሠላሳ ስድስት ሰው ከሚጭን ባቡር ላይ ሁለት ወንበር ባዶ ቢሄድ ማንም ልብ አይለውም። ከአራት ላይ ሁለት ባዶ ከሄደ ግማሹ አቅም ባዶ ሄደ። ግማሹ! አየር ጭነህ ላክህ። አየሩም አልጮኸም፣ አልሳቀም፣ ትኬትም አልቆረጠም። ከዚያ ወርደህ «ሰልፉ አይንቀሳቀስም» አልክ። ድሮ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል ነበር። አንተ ገለበጥከው፤ ዳዋው ሲበላ ዋለና አይጧ ተገረፈች።

አይጥ ማለቴ ስድብ አይደለም፣ ዘሯ ነው። ዋይልድ ማውስ ከሚባለው ከድሮው የአይጥ ኮስተር ቤት ናት። እዚያ ቤት ቁመት አይቆጠርም፤ ተንኮል ነው የሚቆጠረው። መንኮራኩሮቹ ከመኪናዋ አፍንጫ ወደ ኋላ ገባ ብለው ይቀመጣሉ። ኩርባው ጋ ስትደርስ መንኮራኩሩ ገና ሐዲዱን ይዞ ሳለ አፍንጫዋ ቀድሞ አየር ላይ ይወጣል። ከእግርህ ሥር ሐዲድ የለም። ከፊትህ የፓርኩ ዛፍ ብቻ። «አለቀልኝ!» ብለህ የምታምነውን ስትጠራ እጥፍ ትላለች። ሐዲዱም ኩርባው ላይ እንደ ትልልቆቹ ወደ ውስጥ አዘንብሎ አያባብልህም፤ ጠፍጣፋ ነው፣ በጎንህ ነው የሚወረውርህ። ይሄ ሁሉ ድንጋጤ የተገኘው ከፎቅ አይደለም፣ ከብልሃት ነው። ሁለት መቶ ጫማ ወጥቶ ማስፈራራትማ ማንም ያስፈራራል። በትንሽ ከፍታ ላይ ጎልማሳ ሰው እናቱን ማስጠራት ነው ሙያ።

«ታዲያ ለምን ብዙ መኪና አይለቁም?» አለ! ሰምታችኋል? ጠየቀ፣ ይመለስለት። ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ። የፊተኛዋ ክፍሉን ለቅቃ ካልወጣች ኮምፒውተሩ የኋለኛዋን ፍሬን ላይ ይይዛታል። መኪና ብትጨምር የምትጨምረው ፍሬን ላይ የቆመ መኪና ነው፤ ሰልፉን ከመሬት አንሥተህ ሐዲድ ላይ ሰቀልከው እንጂ አላሳጠርከውም። ደንቡ ቀላል ነው፤ የፊትህ ሳይወጣ አትጠጋ። መኪናዋ ያከበረችውን ደንብ አንተ ሰልፍ ላይ አላከበርክም፤ ትንፋሽህ ማጅራቴ ላይ ነው፣ ምሳ ምን እንደበላህ እኔ አውቃለሁ።

«እሺ ለምን አቀጣጥለው ባቡር አያደርጓትም?» ኧረ ይሄ ሰው ዛሬ ሊያልቅ ነው! ረጅም ባቡር በዚያ ጠባብ ኩርባ እንዴት ብሎ ይታጠፍ? እሺ አንተን ላስደስት፣ ትንሽ ልደግፍህ፦ የሚሽከረከሩ መኪናዎችን ቀጣጥሎ ባቡር ያደረገ አለ። ዲዝኒ ነው፣ ፍሎሪዳ፣ ኤፕኮት ውስጥ 2022 ላይ ኮስሚክ ሪዋይንድን ከፈተ። ግን እዚያ ማን እንደሚያዞርህ ታውቃለህ? ኮምፒውተር። የት እንደምታይ፣ መቼ እንደምትዞር ተጽፎልሃል። ሁሉም ሰው እኩል ይዞራል። ራጂን ኬጁን ላይ ግን ያዞረህ ክብደትህ ነው፤ ማንም አልጻፈልህም። ያው ዲዝኒ ራሱ ፕራይሚቫል ዊርል የሚባለውን 2002 ላይ አኒማል ኪንግደም ውስጥ ሲከፍት (ከራጂን ኬጁን ጋር የአንድ የፈረንሳይ ፋብሪካ፣ የሬቨርሾን ልጆች ናቸው) ምን አደረገ መሰለህ? ባቡር አላደረጋትም። ሁለት ሐዲድ፣ እንደ መስታወት ምስል ተያይተው፣ ጎን ለጎን ተከለ። አቅም ሲያንሰው መንታ ወለደ! እስከ 2020 ድረስ መንትዮቹ አብረው ነበሩ። የዲዝኒ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ መኪናዋን ትንሽ አድርጎ ሐዲዱን ነው ያበዛው። አንተ ሲዝን ፓስህን በቅናሽ ገዝተህ መኪናዋን እንደ ላስቲክ ካልሳብኩ አልክ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። አስተያየትህ ጋ። እስቲ መውጫው በር ላይ እንቁምና የሚወርደውን እንስማ። አንዱ ይወርዳል፤ «ሆዴ እዚያ ላይ ቀርቷል፣ ያየ አለ?» ይላል። ተከትላው የወረደችው ልጅ «ኧረ ምንም አልዞረችም!» ትላለች። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ መሄድ አቅቶት አጥር ይዟል። አራተኛው አይስክሬም ጠየቀ። ይሄን ሰምተህ «ሰው አይስማማም፣ ስለዚህ ጨዋታዋ ደካማ ናት» አልክ። አይደለም፣ ሁሉም እውነታቸውን ነው! እንዲህ ዓይነት መኪና መጀመሪያ ላይ ተቆልፋ ፊት ለፊት ትሄዳለች፤ መሃል ላይ ትፈታለች። ከተፈታች በኋላ ነገሩ የሚዛን ነው። ሚዛኗ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ ኩርባው ሲመጣ ከባዱ ጎን ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፣ ሐዲዱ ግን ይታጠፋል። በዚያ ጠብ መሃል መኪናዋ ትሾራለች። ሚዛኗ እኩል ከሆነ ግን ፈዘዝ ብላ ዞር ዞር ትልና ትገባለች። ስለዚህ «አልዞረችም» ያልከው መኪናዋን አይደለም የገመገምከው፤ የጓደኞችህን ኪሎ ነው ያወጅከው!

አራት ቀጫጭን ጓደኛሞች እኩል ተደርድራችሁ ገባችሁና ነፋስ መታችሁ ወረዳችሁ። ከኋላችሁ የመጡት ጋሼና አጎቴ በአንድ በኩል ተቀመጡ፣ ሁለቱ የወንድሜ ልጆች በሌላ በኩል። እንዲህ ያለች መኪና አይታችሁ አታውቁም። ጋሼ ሲወርዱ የቱ በር መግቢያ የቱ መውጫ እንደሆነ ጠየቁ። ልጆቹ ተመልሰው ወደ ሰልፉ ሮጡ። አጎቴ ነጠላ ቢኖር ተከናንቦ በተኛ ነበር። ልብ በል፤ ያው መኪና፣ ያው ሐዲድ፣ ያው ፍሬን። የተቀየረው ሰው ብቻ። ሱፐርማን ጋ ማን አጠገብህ እንደተቀመጠ ምንም አይቀይርም፤ ሠላሳ አምስት ሰው አብሮህ ይወድቃል፣ ማንነታቸውን ሳታውቅ ትለያያላችሁ። እሷ ጋ አብረውህ የገቡት ሦስት ሰዎች የጨዋታው ግማሽ ናቸው። ትንሽነቷ ጉድለት ነው የምትለው እሱኑ ነው! አራት ስለሆናችሁ ነው የአንዳችሁ ክብደት የሌላውን ሆድ የሚያገላብጠው። ሠላሳ ስድስት ብትሆኑ እርስ በርሳችሁ ትካካሱና ታክሲ ትሆናላችሁ።

እና ይሄ ሰው «ራሴን አዞረኝ» ብሎ ይከሳል። የምታዞር ናት፣ ዞረብህ፣ ሥራዋን ሠራች! ዋና ገብቶ «ረጠብኩ» የሚል ዳኛ ማን ሾመብን? እሷ አንተን ለሁለት ደቂቃ አዞረችህ፤ አንተ ነገር ስታዞር ይኸው ስንት ጊዜህ ነው። መዞር ካልፈለግህ ዞር በል!

ስለ ሰዓቱ ደግሞ እንነጋገር፤ ሰዓት የምትወድ ሰው ነህ አይደል? እሑድ ቤታችሁ ቡና ይፈላል። ጀበናዋ አንድ ናት፣ እንግዳው ቤት ሙሉ። ይቆላል፣ ጭሱ ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ይወርዳል፣ እስኪጠልል ይጠበቃል። ከዚያ አቦል። ሲኒው ሦስት ጉንጭ አይሞላም። ከዚያ ቶና። ከዚያ በረካ። ግማሽ ቀን ሄደ! ስንት ሲኒ በሰዓት ብለህ ጀበናዋን ከሰህ ታውቃለህ? እስቲ ሞክራትና እናትህ ፊት በላት። «እማዬ፣ ይቺ ጀበና አቅም ያንሳታል፣ በበርሜል አድርጊው» በል። ረከቦቱ ራሱ ተነሥቶ ያባርርሃል። ቡናው ላይ ወሬው የት ተወራ? ጥበቃው ውስጥ። ሰልፉም ላይ እንዲሁ ነው። ከፊቴ የቆሙት እናት ልጃቸውን በአማርኛ ሲቆጡ ዞር ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ መኪናዋ ጋ ስንደርስ አራተኛ ሰው አጥተው ነበር፣ እኔ ሆንኩላቸው። ሰልፉ ሰላማዊ ነበር፤ አንተ እስክትመጣ። ወረፋ ጠብቅ ሲሉህ ሰው መውረፍ ጀመርክ።

«ፍላሽ ፓስ ግዙ!» ብሎ ምክር ሰጠ ደግሞ። ማን ጠየቀው? በገንዘብ የሚገዛ ቅድሚያ ወንበር አይወልድም። በሰዓት 480 ሰው ከሆነ የምትጭነው፣ ፍላሽ ፓስ ይዘህ ስትገባም 480 ነው። አንተ የቀደምከው እኔን ነው፣ ሰልፉን አይደለም። ትልቅ ባቡር ላይ እንዳንተ ዓይነቱ ጥቂት ሰው ቢቀድም ሰልፉ አይሰማውም። አራት ወንበር ላይ አራት ቀዳሚ ሲመጣ ግን አንድ ሙሉ መኪና ከእጃችን ተነጠቀ። ሰልፍ አማረርክ፣ ሰልፍ አስረዘምክ፣ ምክር ሸጥክ። ሦስት ሥራ በአንድ ቀን! ይሄን ትጋት ኡበር ላይ ብታውለው ስንት ቤት ትሠራ ነበር።

እውነተኛ ነገር መጠየቅ ከፈለግህ እኔ ላስጠይቅህ። ብቻውን ለሚመጣ ሰው የራሱ ሰልፍ ይኑር በል፤ ባዶ ወንበር ሲገኝ እሱ ይግባበት፣ አንዲት ወንበር ሩብ አቅም ናት። ዕቃ ማስቀመጫው መሳፈሪያው ላይ ሳይሆን ሰልፉ መግቢያ ላይ ይሁን በል። ያሉት መኪናዎች ሁሉ ይሥሩ በል። ይሄን ብትል አብሬህ እጮህ ነበር። አንተ ግን «የሕፃን ነው» አልክ። የሕፃን ከሆነ ማን አሰለፈህ? ሕፃናቱ ከፊትህ ቆመው ዝም ብለው ጠበቁ። ያለቀስከው አንተ ነህ።

በመጨረሻ ደስ የሚለው መስሎት ነበር። ፓርኩ በፈረንጆቹ 2025 ኖቬምበር 2 ተዘጋ። ራጂን ኬጁንም አብራ ቆመች። በማግሥቱ ይሄው ሰውዬ ፎቶ ለጠፈ፤ ከእሷ ላይ ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጁን ሰቅሎ፣ ጥርሱ ተቆጥሮ የሚያልቅ። ሥሩ ላይ «አይረሳም» ብሎ ጻፈ። በሠራችበት ዘመን ሰልፏን ስትቆጥር ኖረህ ስትሄድ ሳቅህን አወጣህ? ያቺን ፎቶ ለማንሳትም እኮ ተሰልፈሃል! ጥርስህ ያን ያህል መሆኑን እኛ ያወቅነው በእሷ ነው።

«ግድ የለም፣ ሌላ ፓርክ እሄዳለሁ» አለ አሁን። ሂድ፣ መንገድ ላሳይህ። ወደ ቨርጂኒያ ውረድ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን። እዚያ 2022 ላይ የተከፈተች ቱምቢሊ የምትባል አለችልህ፤ ስምንት ሰው ብቻ ትጭናለች፣ ወንበሩ እየሄደ ይገለባበጣል። ስምንት በዛብህ? ወደ ፔንሲልቬኒያ ውጣ፣ ኸርሺፓርክ። ላፍ ትራክ የምትባል አለች፣ ከ2015 ጀምሮ። ቤት ውስጥ ናት፣ ጨለማ ውስጥ ናት፣ ትሽከረከራለች፣ አራት ሰው ነው የምትጭነው። አራት! ግንባርህ በጨለማ ስለማይታይ ላንተ የተሠራች ናት። ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን እዚያ ነን። ጋሼም አጎቴም ይመጣሉ፣ በአንድ በኩል ይቀመጣሉ። አራተኛ ሰው ሊጎድለን ስለሚችል ቁልፍህን መኪናህ ውስጥ ትተህ ቶሎ ድረስ።